ከድማሚት በፊት የሚበሳው ቀዳዳ

ከምድር በታች በ1,840 ሜትር ላይ ያለው ዋሻ በዚያ ሰኞ ጠዋት 74 ሜትር ርዝመት ነበረው። የለካሁት እኔ ቀያሹ ነኝ። ወርቅ ግን አልተገኘበትም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተገኘ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዱ ይዘጋል፤ 160 ሠራተኞችም ይሰናበታሉ።

ወደ ታች በሚያወርደን አሳንሰር ውስጥ የፈረቃው አለቃና የእህታቸው ልጅ ሳይታሰብ ተገናኙ። እሳቸውን «አባባ ድማሚት» እንላቸዋለን። እሷ የድንጋይ ጥናት ተምራ ሥራ ከጀመረች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬም ወደ ፊት ሊያፈነዱ ነው?»

«ታዲያ ወደ ኋላ ላፈንዳ? የወርቁ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሠላሳ ዓመት አይቻለሁ።»

«ተሰብሮ ቢሆንስ? እባክዎ፣ መጀመሪያ በቀጭኑ መሰርሰሪያ እንብሳና እንይ።»

«እጄን በማያስገባ ቀዳዳ ምን ሊታይ! ገንዘብ መጨረስ ነው።»

«የእርስዎ አንድ ሜትር ዋሻ በሚፈጀው ገንዘብ እኮ ሃያ አምስት ሜትር ይበሳል።»

አለቃው ወደ እኔ ዞሩ። «ቀያሽ፣ ይህቺ ልጅ ታሾፍብኛለች?»

«አላሾፈችም። እኔም ትናንት አስልቼ ደነገጥኩ። ለባዶው 74 ሜትር ባወጣነው፣ ከዋሻው እስከ ምድር ፊት የሚደርስ ቀዳዳ ይበሳ ነበር።»

አሳንሰሩ እስኪቆም አለቃው በጣታቸው ደግመው አሰሉት። ሰው የለመደውን ወጪ እንደ ወጪ አይቆጥረውም፤ የሚያስፈራው አዲሱ ነው።

«እሺ፣ የት ይበሳ?»

«ምሳ ስትበሉ ከምትደገፉት ግድግዳ» አለች ልጅቷ።

«ከመቀመጫችን? እሱን እኮ የጠረብነው በአካፋ ነው፤ ለስላሳ ነው ብለን!»

«ጋሼ፣ ድንጋይ በአካፋ የሚጠረበው ሲደቅ ነው። መስመሩ የተሰበረውና የተንሸራተተው እዚያ ነው።»

የመጀመሪያው ቀዳዳ ባዶ ሆነ። ሁለተኛውም። «ይኸው!» አሉ አለቃው።

«ይኸው» አለች እሷም፤ «በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ድማሚት አይባክንም። ባዶ መሆኑን በርካሽ ማወቅም ትርፍ ነው።»

ሦስተኛው በ9 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ነጭ የድንጋይ ዘንግ አወጣ። አለቃው በመብራታቸው አዩት፤ የወርቁ ቢጫ በዓይን ይታያል። ዘንጉን እንደያዙ ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባችንን ሰጥተነው ነው ምሳ የበላነው?»

ዘንጉን ለእህታቸው ልጅ መልሰው ሰጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ሳይበሳ የሚያፈነዳ ሰው ከእኔ ጋር አይወርድም» አሉ።

ጉድጓዱ አልተዘጋም። በቀጣዩ ዓመት 31 ቀዳዳ ተበሳ፤ 22ቱ ባዶ ነበሩ። 212 ሜትር አዲስ ዋሻ ለካሁ፤ ወርቅ ያልተገኘበት 6 ሜትሩ ብቻ ነበር።