የዘሃራ ጠበቃ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነው የምሳፈረው። ዛሬ ከኦምዱርማን ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈር በሚሄደው ሐፍላ አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ ሁለት የወሎ ሴቶች ተቀምጠው ያወራሉ።

«ዘሃራ፣ ለመሆኑ ጠበቃሽ ማነው?»

«አንቺ ነሻ!»

«ወላሂ? እኔ መሃሚ ነኝ?»

«ማዘጋጃ ቤቶቹ የምታምኚው ሰው ይናገርልሽ ብለውኛል። ጎረቤቴ ጭሱ አስቸገረኝ ስላለ የምግብ ቤቴን ፈቃድ፣ ሩኽሳዬን ሲነጥቁኝ ዝም ልትይ ነው?»

«ዳኛ ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል።»

«ዳኛ አይደለም እኮ። የሁላችንንም ቃል ሰምቶ ለአለቃው የሚያቀርብ የማዘጋጃ ቤቱ ሙወዘፍ ነው።»

«ጭሱማ እውነት ነው፤ እኔንም አስለቅሶኛል።»

«ኧረ ይቺን እዚያ እንዳትያት!»

«ውሸት አልናገርም እህቴ። ጭሱ ነበረ፤ አሁን ግን ምድጃውን ከሰውየው መስኮት አርቃ ወደ ጓሮ ወስዳዋለች እላለሁ።»

«መቼ ወሰድኩት?»

«አሁን ነዋ! ቀጠሯችን ከሰዓት አይደል? ያላ ውረጂ፣ ተመልሰን እንሸከመው።»

«ጠበቃ ምድጃ ይሸከማል እንዴ?»

«ያንቺ ይሸከማል።»

እየተሳሳቁ ወረዱ።

እኔም እነሱ ወደ ለቀቁት የሁለት ሰው ወንበር ተሻግሬ፣ ወንድሜ ሁልጊዜ ይቀመጥበት የነበረውን የመስኮቱን ቦታ ባዶውን ተውኩለት።