ዝርዝሩ ላይ የሌለች

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በአንድ ሆስፒታል የክትባት ክፍል፤ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ትርንጎ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን የጉበት ቫይረስ ክትባት ልትወጋ እጅጌዋን ሰብስባ ሲስተር ወይንሸት ፊት ተቀምጣለች።

ትርንጎ፦ እኔን ተይኝና ይሄን መርፌ ለልጄ ለስንዱ ስጪልኝ።

ወይንሸት፦ እትዬ ትርንጎ፣ ክትባት እኮ ጋቢ አይደለም፤ ከራስ ላይ አውርደው ለሌላ አያለብሱትም።

ትርንጎ፦ ጋቢ ቢሆንማ አንቺን ምን አስለመነኝ።

ወይንሸት፦ ስድስት ወር ጠብቀው መጨረሻው ላይ ደርሰዋል። አሁን ቢተዉት እርስዎም ጎደሎ፣ በአንድ መርፌ እሷም ጎደሎ።

ትርንጎ፦ ሁለቱ ይበቃኛል። ያረጀ ጉበት ማን ይመኘዋል?

ወይንሸት፦ ቫይረሱ ዕድሜ አይጠይቅም። ክንድዎን ያላሉት፤ እንጨት አደረጉት እኮ።

ትርንጎ፦ እኔ አንሶላ ማሽን ውስጥ እከታለሁ። እሷ በየክፍሉ ደም ከወለል ትጠርጋለች። ማን መቅደም ነበረበት?

ወይንሸት፦ እሷን የቀጠራት የጽዳት ድርጅቱ ነው፤ ሆስፒታሉ አይደለም። ስሟ ዝርዝሩ ላይ የለም። እኔ ደግሞ ክትባት የምረከበው በስም ተቆጥሮ ነው።

ትርንጎ፦ በሩ ላይ የለጠፋችሁትን ላንብብልሽ?

ወይንሸት፦ ማንበብ ጀመሩ እንዴ?

ትርንጎ፦ በጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ቀስ ብሎ የሚያነብ ደግሞ ቃል አይዘልም። «እዚህ የሚሠራ ሁሉ ይከተብ» ይላል። «ከስንዱ በስተቀር» የሚል ፈልጌ አጣሁ።

ወይንሸት፦ ማስታወቂያውን የጻፈው ሌላ፣ ዝርዝሩን የጻፈው ሌላ።

ትርንጎ፦ መርፌውስ ዝርዝር አይቶ ነው የወጋት?

ወይንሸት፦ የቱ መርፌ?

ትርንጎ፦ አይ፣ ለነገሩ ነው ያልኩት።

ወይንሸት፦ እትዬ ትርንጎ፣ እኔን ይዩኝ። ስንዱን መርፌ ወጋት?

ትርንጎ፦ «በሞቴ እንዳትናገሪ» ብላ አስምላኛለች።

ወይንሸት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መቼ ነው?

ትርንጎ፦ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት። አንዱ ያገለገለ መርፌ የመርፌ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ሲገባው የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ጥሎት፣ ስታስረው ጓንቷን በስቶ አውራ ጣቷን ወጋት። በበረኪና አጠበችውና አለቀ አለች።

ወይንሸት፦ አሥራ ስምንት ሰዓት ሆናት ማለት ነው። ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ ክትባቱን መጀመር አለባት። ለተወጋ ሰው ዝርዝር አልጠይቅም፤ ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ይሄን ሁሉ አንከራከርም ነበር።

ትርንጎ፦ እንዲያ ከሆነ ሳትጽፊ ውጊያት።

ወይንሸት፦ ሳልጽፍ ብወጋት ደሟን ማን ይመረምርላታል? ሁለተኛውንና ሦስተኛውንስ ማን ይሰጣታል? የአደጋ መዝገቡ ላይ ስሟን እጽፋለሁ።

ትርንጎ፦ መዝገቡን የጽዳት አለቃዋ ያየዋል?

ወይንሸት፦ አልዋሽዎትም፣ ያየዋል።

ትርንጎ፦ ሦስት ሳምንቷ ነው፣ ለሙከራ ነው የያዟት። ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅ ተወጋሁ ባለች በሳምንቷ ተሰናበተች። ሲስተር፣ ይሄን ሥራ ስታገኝ ያለቀሰችውን ልቅሶ አላየሽም። ደግሞስ መሐላዬ?

ወይንሸት፦ መሐላ በንስሐ ይፈታል። ጉበት ንስሐ አያውቅም። እስክሪብቶዬን ይዣለሁ፤ ምን ላድርግ?

ትርንጎ፦ ጻፊ። የተባረረች ልጅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።