ማይኳ ያልተናገረችው ስም

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ የጋዜጣችን ባልደረቦች፣ ፀሐይ ሳይበግራችሁ እዚህ የቆማችሁ ወዳጆቿ ሁሉ፤ እግዜር ያክብርልን። ታላቅ እኅቷ «ሰዉን ካስለቀስክ አልምርህም» ብለውኛል። እሳቸውን ደግሞ እፈራቸዋለሁ። ስለዚህ እንሳቅ።

ይህች ሴት ምስጢር ትችል ነበር? ኧረ የት ብላ! ማይኳ ያልናት እኮ በከንቱ አይደለም። ባልደረቦቼ ለልደቴ በድብቅ ሹራብ እንድትገዛ ሲልኳት፣ «ቀለሙ ምን ይሁንልህ?» ብላ እኔኑ ጠየቀችኝ። አለቃችን መዛወራቸውን ሳይሰሙ፣ ዘበኛው በር ላይ «በሄዱበት ይቅናዎት» አላቸው። ማን ነገረው? ማን ይሆናል!

ታዲያ አንድ ጊዜ፣ አንድ ሆስፒታል ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ቀን እየቀየረ ለበሽተኛ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰነድ አግኝታ ጻፈች። ፍርድ ቤት ተጠራች። «ሰነዱን ማን ሰጠሽ?» አሏት ዳኛው። የዚያን ጊዜው ሕግ ያስገድዳት ነበር። እኛ ኋላ ተቀምጠን «አለቀ፤ አሁን የሰውየውን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ትዘረግፋለች» እንባባላለን።

እሷ ተነሳች። «ክቡር ዳኛ፣ የጎረቤቶቼን ዕድሜ ይጠይቁኝ፣ እነግርዎታለሁ። አለቃዬ ፀጉራቸውን በምን እንደሚያጠቁሩ ይጠይቁኝ፣ እሱንም እነግርዎታለሁ። ይህን ግን አልናገርም፤ ቃል ገብቻለሁ።»

ዳኛው በፋይሉ ፊታቸውን ሸፍነው ሳቁ። ስቀው ሲጨርሱ አሰሯት። ሃያ ሦስት ቀን!

ምሳ ይዤ እስር ቤት ልጠይቃት ሄድኩ። ባለቤቴ የአራት ወር ልጃችንን ታቅፋ አጠገቤ ቆማለች። «በሞቴ፣ ተናገሪና ውጪ!» ብዬ ለመንኳት። ጮህኩባት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ምሳው ጨው በዝቶበታል። ማነው የሠራው?» እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ሆደ ቡቡ ስለሆነች መሰለኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ አዲሱ የፕሬስ ሕግ ወጣ። ጋዜጠኛ ምንጩን እንዲገልጽ አይገደድም የሚለውን አንቀጽ ሳነብላት «ስድስት ዓመት ዘገያችሁ!» አለች። ግን ወረቀቱን ከእጄ ቀምታ፣ ቢሮ ለቢሮ እየዞረች ለሁሉም አነበበችው። እንደዚያን ቀን ስትደሰት አይቻት አላውቅም።

ከትናንት በስቲያ ማረፏን ስንሰማ፣ ባለቤቴ ወንበር ላይ ዘፍ አለችና «ሰነዱን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለችኝ። እናንተዬ! እኔ የዚያን ሆስፒታል ሠራተኛ አንድ በአንድ ጠርጥሬያለሁ። እዚያው መድኃኒት ክፍል የምትሠራውን የገዛ ሚስቴን ብቻ ዘለልኳት። ጋዜጠኛ ነኝ ደግሞ!

«ሄጄ እኔ ነኝ ልበላቸው ስላት፣ ‹አንቺ ከታሰርሽ ሕፃኗን ማን ያጠባታል? እኔ እስክሞት አፍሽን ያዢ። ለባልሽም እንዳትነግሪ፤ እሱ ወሬ አይችልም› አለችኝ» አለች።

እኔን እኮ ነው! ማይኳ፣ እኔን!

ዛሬ ይህን የምናገረው ባለቤቴ ራሷ «ተናገር» ብላኝ ነው። ይኸው እዚህ ቆማለች። ያቺ ሕፃንም ከጎኗ ናት፤ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች።

እኅቴ፣ ለካ ያን ቀን ሚስቴን አሳልፈሽ እንድትሰጪ ነበር የምለምንሽ። የልጄን እናት! እንኳን አልሰማሽኝ። እንኳን እንቢ አልሽኝ። በሰላም ሂጂ።