የቀጠሮው ፕሮግራምና የኡሙልኸይር የምግብ አፕ

— ሄሎ?… ሄሎ፣ የእናቶች ክሊኒክ ነው፣ ማን ልበል?… እንዴ! እስራኤል! የኔ ወንድም! አንተ ነህ እንዴ?…

— ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልሆንኩም… አዎ፣ አራት ቀን ሙሉ እዚሁ ነው ያደርኩት… ቤቴማ አስር ደቂቃ ነው፣ ግን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ፣ ጎማ እየተቃጠለ እንዴት ልሂድ?… የለም፣ ወደኛ የመጣ የለም። ተኩስ ከሩቅ ሰምተናል። አሁን ረግቧል፣ ዛሬ ጠዋት መንገዱ ይከፈታል እየተባለ ነው…

— ምን አልክ?… ይቆራረጣል፣ ጮክ በል… ትሰማኛለህ?… የቀጠሮ ፕሮግራሙን ልትተወው? ስድስት ወር እንቅልፍ አጥተህ የሠራኸውን?… ማርቲ? አብራህ የተማረችው?… እ… «ሰው የሚፈልገው የምግብ አፕ ነው፣ እሱን አብረን እንሥራ» አለችህ… እ… «ቀጠሮማ ደብተር ላይም ይጻፋል»… እና ዛሬውኑ መልስ ትፈልጋለች።

— ስማኝ እስራኤል። መልሱን ከመስጠትህ በፊት የኡሙልኸይርን ነገር ልንገርህ… አታውቃትም፣ የኛ ታካሚ ናት። በመናገሻ በኩል ነው ቤቷ። ከማርገዟም በፊት ስኳር ነበረባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ባሏ ከማል መርካቶ ነው የሚሠራው፣ መንገዱ ሲዘጋ እዚያው ቀረ። እሷ ደግሞ ዘጠነኛ ወሯ ገብቶ ብቻዋን…

— ቆይማ፣ ልጨርስልህ! ማክሰኞ ቀጠሮ ነበራት። ያንተ ፕሮግራም ምን አደረገ መሰለህ? መንገዱ ተዘግቶ፣ ወፍ እንኳ በማያልፍበት ሰዓት ለሃያ ሦስት እርጉዝ «ነገ በሦስት ሰዓት እንጠብቅዎታለን» ብሎ መልእክት ላከ! አትሳቅ፣ ስልኩ ሲጮህብኝ ነው የዋለው! «ሰብለ፣ በምን ልምጣ፣ በሄሊኮፕተር?» ትለኛለች አንዷ…

— አዎ፣ አፍሬብህ ነበር! ግን ረቡዕ ጠዋት ሲስተር አያንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። ፕሮግራምህ ያልመጡትን በሙሉ በቀይ ደርድሯቸዋል። ስማቸው፣ ስልካቸው፣ ስንተኛ ወራቸው እንደሆነ። ደብተሩ ቢሆን ገጽ ስንገልጥ ነው የምንውለው። አያንቱ መውለጃቸው የደረሰውን ከላይ አድርጋ አንድ በአንድ ደወለች። ሦስተኛዋ ኡሙልኸይር ናት።

— አነሳች፣ አነሳች። ድምፅዋ ግን ደከም ያለ ነው። «ደህና ነኝ ሲስተር፣ እንዲያውም ጎበዝ ሆኛለሁ» ትላለች። ምነው ስትላት፣ ስልኳ ላይ የከማል እህት የጫነችላት የምግብ አፕ አለ። የበላችውን ትነግረዋለች፣ እሱ ይቆጥርላታል። ለሦስት ቀን ተከታታይ የጽጌረዳ ሥዕል እየሰጠ በእንግሊዝኛ «ጎበዝ፣ በርቺ!» ይላታል። እሷ ደስ ብሏታል…

— አይደል? እኔም መጀመሪያ ጥሩ ነገር መስሎኝ ነበር! አያንቱ ግን «ምን በልተሽ ነው እንዲህ ያመሰገነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ለካ አፑ የተሠራው መክሳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ትንሽ በበላች ቁጥር ያጨበጭብላታል! እርጉዝ መሆኗን በምን ያውቃል? ሱቁ ተዘግቶ፣ ቤት ያለውን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተካፈለች ነው የሰነበተችው። መርፌውን ግን ዶክተሯ ባዘዘችላት ልክ፣ ሳታጓድል ትወጋለች።

— አዎ! ሳትበላ! ገባህ አይደል?… ቆይ ገና ነው። አፑ ቆጮ አያውቅም፣ ሽሮ አያውቅም። «የለም» ሲላት ጊዜ ኡሙልኸይር ከታች ማስታወሻ የምትባለዋ ቦታ ላይ በራሷ ቋንቋ ትጽፋለች፤ «ጠዋት ግማሽ ዳቦ፣ ስኳር ሰባ ሁለት። ማታ ሻይ ብቻ፣ ስኳር ስልሳ አምስት።» የዚያን ቀን ጠዋት ሃምሳ ስምንት፣ ከሰባ በታች ከወረደ እኮ አደገኛ ነው! ይቺን ለአያንቱ አነበበችላት። አያንቱ ከወንበሩ ብድግ አለች! «ኡሙልኸይር፣ አሁኑኑ ማር! ስኳር! ያገኘሽውን! ስልኩን እንዳትዘጊው!»

— …አዎ፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጎረቤት ማር ይዞ ሲመጣ በስልክ ይሰማናል። ሩብ ሰዓት ጠብቃ ለካች፣ ሰማንያ አራት! ዶክተሯ ስልኩን ተቀብላ መርፌውን ቀነሰችላት። ከዚያ ወዲያ አያንቱ በቀን አራት ጊዜ እየደወለች ማስታወሻውን ታስነብባታለች።

— ዳታማ ተዘግቶ ነበር። አፑ ግን ስልኩ ውስጥ ያለውን አልረሳም፣ እንዲያው እውነቱን ለመናገር እሱንም አመስግኜዋለሁ…

— [አቤት ሲስተር?… እስራኤል ነው፣ ወንድሜ። እሺ፣ ሰላም እልልሻለሁ።] አያንቱ ሰላም ብላሃለች።

— ትናንት ነዋ፣ ምጥ መጣ! ጎረቤቷ አብዱረዛቅ ባጃጅ አለው፣ ፍራሽ አንጥፎ ይዟት ወጣ። መንገዱን በድንጋይ የዘጉት ወጣቶች አስቆሟቸው። «ልትወልድ ነው» ሲላቸው አላመኑትም። ለካ በዋዜማው አንዱ ሚስቱን ሆዷ ላይ ትራስ አስሮላት አሳልፏት ኖሯል! እውነቴን ነው!… ኡሙልኸይር ስልኳን አወጣችና ያንተን መልእክት አሳየቻቸው።

— ያንኑ ያፈርኩበትን! በኦሮምኛም ይጻፍ ብዬ ስጨቀጭቅህ አልነበር? አንደኛው ጮክ ብሎ በኦሮምኛ አነበበው፤ የክሊኒኩ ስም፣ የሷ ስም፣ የወሊድ ክትትል። ሌላው «ቀኑ እኮ አልፏል» ቢል፣ «ሕፃን ቀጠሮ ያከብራል እንዴ?» ብሎ ገሰጸው። ድንጋዩን አንስተው፣ ዳገቱ ላይ ባጃጁን በትከሻቸው ገፍተው አሳለፏት። ሁለቱማ እስከ በራችን ድረስ ሮጠው ነው የመጡት!

— ወለደች! ዘጠኝ ሰዓት ላይ! ሴት ልጅ፣ ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ! የሕፃኗም ስኳር ተለካ፣ ደህና ናት። አብዱረዛቅ ውጭ ሆኖ «አልሐምዱሊላህ» ሲል፣ እኔ እልል ስል፣ ወጣቶቹ ሲያጨበጭቡ… ከማል በስልክ ሰምቶ ያለቅሳል። እኔም እያለቀስኩ ነው… አሁንም? እሱማ የደስታ ነው።

— ሄሎ? አለህ?… ይቆራረጣል፣ ድገመው…

— የቱ ይሻላል ብለህ አትጠይቀኝ። ያ የምግቡ ብቻውን ቢሆን «ጎበዝ» እያላት ራሷን ስታ ትወድቅ ነበር። ያንተውም ቢሆን እኮ አልመጣችም ብሎ ቀይ ከማቅለም በቀር ምን ያውቃል? የበላችው አይታየውም። አያንቱ ባትደውል፣ ኡሙልኸይርም ባትጽፍ… ለማርቲ እንዲህ በላት። ምግቡን ትሥራው፣ ቆጮውንም ሽሮውንም ትጨምርበት፣ የሚጻፈው ግን ሲስተር አያንቱ ቀጠሮ የምታይበት ቦታ ላይ ይውጣ። አንተም ያንተን አትተው። ሁለታችሁም መጥታችሁ እዚህ ወንበር ላይ አንድ ቀን ዋሉ… ምን?… እውነት? ትመጣላችሁ?… የኔ ወንድም!

— ቆይ፣ ውጭ ምንድን ነው?… [ሲስተር፣ ይሰማሻል?] እስራኤል፣ የሚኒባስ ጥሩንባ ነው! በመስኮት… አዎ! ተከፍቷል! መንገዱ ተከፍቷል! ረዳቱ ይጮሃል፣ ትሰማዋለህ?… እርጉዞቹ እየወረዱ ነው! አንድ፣ ሁለት፣ አምስት… ኧረ በስመ አብ፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ነው! ሌላም ከኋላ አለ!

— [ወንበር ጨምሩ! ያንን አግዳሚም ከጓሮ አምጡት! ቀስ እያላችሁ እናቶቼ፣ ሁላችሁም ትታያላችሁ!] መዝጋቴ ነው እስራኤል… እሺ፣ እሺ፣ እደውልልሃለሁ… [እንኳን ደህና መጣችሁ! ባጋ ነጋን ዱፍታን! ግቡ፣ ግቡ!] ቻው የኔ ጌታ፣ ቻው!