የበሬው ጆሮ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንድ አዛውንት ገበሬና ጎረቤታቸው ተቀምጠዋል፤ ጎረቤትየው የገበሬዎች ማኅበሩ የከብት መድን መዝጋቢ ነው።

«በሬዬ ገደል ገባ አልኩህ፣ ሞላ።»

«ሰማሁ፣ አያ መኮንን። ካሳው እንዲከፈልዎ የመድን ቁጥሩ የተሰካበትን ጆሮ ያምጡልኝ።»

«ጅብ ቀደመኝ። የተረፈው ቀንዱ ነው፤ ይኸው በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ከፊቴ ካለው ወንበር ሥር አኑሬዋለሁ።»

«ደንቡ ጆሮ ነው የሚለው።»

«አንተ በሬዬን አታውቀውም?»

«አውቀዋለሁ እንጂ።»

«ከበሬህ ጋር አቀናጅተን ስናርስበት አልኖርንም?»

«እሱ ነው የቸገረኝ። ያለ ጆሮ ብመሰክርልዎ አብሮት ለሚያርሰው አደላ ይሉኛል።»

«ማኅበሩ የራሳችን ነው ብለህ አስፈርመኸኝ የለም?»

«የራሳችን ስለሆነ ነው። ለእርስዎ ደንቡን ከጣስኩ ነገ ሁሉም ቀንድ ይዞ ይመጣል፤ ማኅበሩ ባዶውን ይቀራል። ያኔ በሬ ለሞተበት ማን ይደርስለታል?»

«ለእኔስ ማን ደረሰልኝ?»

ሚኒባሱ ሁለት ኩርባ ዞረ።

«ታዲያ ዘንድሮ በምን ልናርስ ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«የእኔም በሬ ብቻውን ቆሟል፣ አያ መኮንን።»

ከወንበሬ ሥር ተረከዜን አሳርፌበት የመጣሁት ከረጢት ትዝ አለኝና እግሬን ሰበሰብኩ።