ሽማግሌዎቹ ውጭ ይቆዩ

በእኛ ጊዜ ልጅ ሲታመም የሚጠየቀው አባት ነበር። አንተ ተፈራ፣ ተቀመጥ እስቲ፣ ስትቆጣ ምግቡ ይቀዘቅዛል። «ዶክተሯ ከክፍሉ አስወጣችኝ» ነው ያልከው አይደል? ከሥራ ቀርተህ፣ ልጅህን ይዘህ፣ ስንት ዞረህ ፓርክ አድርገህ፣ ከዚያ «ትንሽ ውጭ ጠብቀን» ተባልክ። ገባኝ፣ እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር። ግን ያቺን ዶክተር አውቃታለሁ፣ ማህሌት ናት፣ ማሂ፣ የየሺ ልጅ፣ እና ለዚህ ሥራ እንዴት እንደበቃች ልንገርህና ከዚያ በኋላ ደስ እንዳለህ ተቆጣ።

በእኛ ጊዜ እንዳልኩህ ነው፣ ሐኪሙ ልጁን አያይም፣ የሚያየው አባትን ነው። «የት ነው የሚያመው?» «ሆዱን።» «ከመቼ ጀምሮ?» «ከፋሲካ ወዲህ።» «ምግብ ይበላል?» «ኧረ እሱስ ይበላል።» ልጁ እዚያው ተቀምጧል፣ አፍ አለው፣ ሆዱም የራሱ ነው፣ ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ ያኔ አገር ቤት የነርሶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፣ እና እኔም ለተማሪዎቼ የምለው ይህንኑ ነው፣ «የበሽታውን ታሪክ ከወላጅ ተቀበሉ» እላለሁ። የጉርምስና ሕክምና የሚባል ምዕራፍ አልነበረንም። ሕፃን አለ፣ ትልቅ ሰው አለ፣ መሃል ላይ ያለው ይገረፋል።

ታዲያ እዚህ አገር ስመጣ ሥራ ያገኘሁት ሚድ ዊልሻየር የሚባል ሰፈር፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው፣ ሒሳብ ተቀባይ። የሺን ያወቅኋት እዚያ ነው። እሷ የጠዋት ፈረቃ ነበረች፣ እኔ የከሰዓት፣ እና ወንበሩን ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት ታስረክበኛለች። ባሏ ማሂን ገና ታቅፋ ሳለች ነው የሞተው። ብቻዋን አሳደገቻት፣ ማሂም አላሳፈረቻትም፣ ሕክምና ገባች፣ ጨረሰች፣ ከዚያ የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንሲ፣ ማለት የሆስፒታል ሥልጠናውን፣ ያዘች። እዚያ ሳለች አንድ ወር የልብ ክፍል ሠርታ ኖሮ፣ የሺ «እንዴት ነው?» ብትላት «ጥሩ ነው» ትላታለች። እናት ያቺን «ጥሩ ነው» ወስዳ ቤተ ክርስቲያን ግቢ «ልጄ የሕፃናት የልብ ሐኪም ልትሆን ነው» ብላ አወጀች። ሰው ሁሉ እልል አለ። ቄሱም ሰምተዋል።

ታዲያ በስልክ የሚጠራው መኪና ገና መጥቶ የታክሲ ሰዎቻችን የሚያማርሩበት ጊዜ ነው፣ አንድ ቀን የሺ ቤቴ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ፦

«ጋሽ መርሻ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ማን ሊያገባ ነው?»

«ማንም አያገባም። ማሂ የልብ ሐኪም አልሆንም አለች።»

«ታዲያ ምን ልትሆን ነው?»

«የጎረምሳ ሐኪም።»

«እንዲህ ያለ ሐኪም አለ እንዴ?»

«አለ ትላለች። እንደ ልብ ሁሉ ለብቻው ትምህርት አለው ትላለች። ጋሽ መርሻ፣ ጎረምሳን ምን ያመዋል? ብጉር ነው፣ እሱም በጊዜው ይጠፋል። ሌላው ጥጋብ ነው፣ የጥጋብ መድኃኒት ደግሞ እናት ቤት አለ።»

እኔም «የሺ፣ ሽማግሌ ለጋብቻ ይላካል፣ ለተጣላ ይላካል፣ ለትምህርት ምርጫ ሲላክ አላየሁም» አልኳት።

«እኛስ ተጣልተን የለ? ስልኬን ካነሳች ቆየች። የትምህርቱን ማመልከቻ የምታስገባበት ቀን ደግሞ ደርሷል። ያለ ምርቃቴ ብታስገባው እሷንም ይቆጫታል፣ እኔንም ይቆጨኛል።» ይኼን ስትል ድምጿ ቀነሰ። እና እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ታደሰን ይዤ ሄድኩ። ታዴን ታውቀዋለህ፣ ኢንግልዉድ የሚኖረው፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳው። እኔና የሺ ኦርቶዶክስ ነን፣ እሱ ጴንጤ ነው፣ ጸሎቱም ረጅም ነው፣ እና የሺ «ከሁለቱም ወገን ይሁን» ብላ ነው። ማሂን ያገኘናት እዚሁ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከዚህ ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለው ምግብ ቤት ነው። ተረኛ ሆና አድራ የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች መጣች፣ ጉልበት ሳመችን፣ ተቀመጠች። ታዴ ጀመረ።

«ሶ፣ ማሂዬ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ልብ ማለት ሞተር ነው። ሞተር የሚያውቅ መካኒክ ሥራ ፈቶ አይቼ አላውቅም። ኦኬ? ጎረምሳ ምንድን ነው? የመኪና ቀለም ነው። ላዩ ነው እንጂ የሚያስቸግረው…»

«ጋሽ ታዴ፣» አለችው፣ «ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚያማርርህ ምንድን ነው? የሰው ሞተር ነው የሰው አነዳድ?»

ታዴ አሰበ። ሐሰት አይወድም። «አነዳዱ ነው» አለ።

«እኔም ገና መንዳት የጀመሩትን ነው የማክመው።»

ታዴ ወደ እኔ ዞረ፣ «ያንተ ተራ ነው» እንደማለት። እኔም «ልጄ፣ እኛ የመጣነው ለመከራከር አይደለም፣ ለምን እንደሆነ ንገሪን» አልኳት። ታዲያ ነገረችን። «የጎረምሶች ክፍል ሥልጠና ላይ ሳለሁ አንዲት የሐበሻ ልጅ መጣች። እናቷ ሁሉንም መለሰች። እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ትምህርቷን። ልጅቷ ጫማዋን ነበር የምታየው። አስተማሪዬ እናትየውን በትሕትና ውጭ እንድትጠብቅ ጠየቀቻት። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ቀና አለች፣ ከዚያ ተናገረች።»

«ምን አለች?»

«አልነግርህም ጋሼ።»

«አንተ» ነው የምትለኝ፣ እዚህ ያደጉት እንደዚህ ናቸው፣ ለምጄዋለሁ። «ስሟን እኮ አልጠየቅሁሽም» አልኳት።

«ብትጠይቅም ባትጠይቅም አልነግርህም። ሥራው ይኼ ነው።»

ታዴ እንጀራውን ጠቅልሎ በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከዚያ እሷ ምን አለች መሰለህ? «አሁን ደግሞ የእኔ ሽማግሌ ሁኑ። ቅዳሜ እዚሁ ሰፈር፣ ከገበያው ኋላ ባለው አዳራሽ ፕሮግራም አለን። ወጣቶችም ወላጆችም ይመጣሉ። እንዴት ሐኪም፣ እንዴት ነርስ፣ እንዴት ፋርማሲስት እንደሚሆኑ እንነግራቸዋለን፣ ከዚያ ስለ ጤናቸው እናወራለን። እማዬ ትምጣልኝ። መጥታ ካየች በኋላም ልብ ነው ካለች፣ ልብ ብዬ አስገባለሁ። እናንተ ምስክር ናችሁ።»

የሺ ዘንድ ተመልሰን ይኼን ስንነግራት እሳት ሆነች። «የላክኋችሁ እኔ፣ ተልካችሁ የምትመጡት ከእሷ!»

«ደርሶ መልስ ነው የሺ፣» አላት ታዴ፣ «የታክሲ ሥራ ያው ነው።»

እሷ ግን አልሳቀችም። «እመጣለሁ» አለች። «ከኋላ ነው የምቀመጠው። ልብም ነው የምለው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። የመጀመሪያው ክፍል ወላጅ የሚወደው ነው፣ የሥራ መስኩ። ነርሷ ተናገረች፣ ፋርማሲስቱ ተናገረ፣ ማሂም ስለ ሕክምና ትምህርት ተናገረች፣ እና ጥያቄ ሲባል እጅ የሚያወጣው አባት ብቻ ነው። አንዱ ተነሥቶ «የአንጎል ቀዶ ሕክምና ስንት ዓመት ይፈጃል? ልጄ እሱን ነው የሚፈልገው» አለ። ልጁ አጠገቡ ነው፣ ከሱ ይረዝማል። ማሂ ልጁን «አንተ ምን ደስ ይልሃል?» ብትለው አባትየው «አንጎል ነው ደስ የሚለው» ብሎ መለሰላት። ሰው ሳቀ። ልጁ አልሳቀም።

ከዚያ ማሂ «አሁን ከልጆቹ ጋር ብቻችንን እናወራለን፣ ወላጆች እባካችሁ ትንሽ ውጭ ቆዩልን» አለች። የሚነቃነቅ ጠፋ። ሰው ሁሉ ወንበር ላይ የተሰፋ ይመስል ነበር። የአንጎሉ አባት «የኔ ልጅ ከኔ የሚደብቀው የለም» አለ።

«እንግዲያው ብትወጣም የሚያመልጥህ የለም» አለችው በለዘብታ። «አደጋ ላይ የሚጥለው ነገር ካለ እኔው እጠራሃለሁ። ያንንም አስቀድሜ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።»

እሱም ንቅንቅ አላለም። ማሂ እዚያ ፊት ለፊት ቆማለች፣ እጇን አጣምራ፣ ሁለተኛ ልትለምን ነው፣ ድምጿ ሊሰበር ነው፣ አየሁት። ያን ጊዜ ከኋላዬ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ። የሺ ናት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፦

«ምን ትጠብቃላችሁ? ዶክተሯ ውጡ ብላለች። ተነሡ እንጂ።»

እና ቀድማ ወጣች። እናት ስትወጣ እናቶች ተከተሏት፣ አባቶችም አጉረመረሙና ወጡ። ልብ ነው የምለው ያለችው ሴትዮ ናት እንግዲህ። እሷ ያደረገችው ስለ ጎረምሳ ሕክምና ብላ አይደለም፣ ልጄ በሰው ፊት ተናግራ የሚሰማት አጣች ብላ ነው። ቢሆንም ወጣች።

ታዲያ ፌርፋክስ ዳር ተኮልኩለን ቆምን። ሐበሻ ተሰብስቦ ዝም ብሎ ሲቆም ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመስለው፣ እና አንድ ሰውዬ መኪናውን አቀዝቅዞ መስኮቱን አወረደና «እግዜር ያጥናችሁ፣ ማን ነው?» አለን። ታዴ «ሁላችንም ደህና ነን፣ ልጆቻችን ብቻቸውን እያወሩ ነው» አለው። ሰውዬው ምን እንደተባለ ሳይገባው ሄደ። ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ወላጆቹ ተያዩ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ረጅም ዝምታ ሆነ፣ እና የዝምታው ባሰ። አንዲት እናት «ምን እያሉ ይሆን?» አለች። የአንጎሉ አባት ጫማውን ነበር የሚያየው።

የሺ ከሰው ራቅ ብላ ግድግዳ ተደግፋለች። ጠጋ አልኳት። ወደ እኔ ሳትዞር እንዲህ አለችኝ፦ «ማሂ ጎረምሳ ሳለች ሆዷን ያማት ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ የጠየቀውን ሁሉ እኔ መለስኩ። ምርመራው ምንም አላሳየም። እያደር ተወት አደረጋት። ጋሽ መርሻ፣ እኔን የዚያን ጊዜ ማንም ውጪ አላለኝም።»

ምን ልበላት? ሽማግሌ ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሺ ቤት ለፍርዱ ተቀመጥን። እናትና ልጅ ፊት ለፊት፣ እኔና ታዴ መሃል። ማሂ የእናቷን ፍርድ ልትቀበል ነው የመጣችው፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ እናቷ ልብ ካለች ልብ ነው። ታዴ በጸሎት ከፈተ፣ ከጸሎቱ ወደ መንደርደሪያው አለፈ፣ «እንግዲህ እናትና ልጅ ማለት…» ሲል የሺ እጇን አነሣች።

«ታደሰ፣ ይቅርታ። ጋሽ መርሻ፣ እርስዎም። ትንሽ ውጭ ይቆዩልን።»

«እኛ?» አለ ታዴ።

«እናንተ።»

«ሽማግሌ ይወጣል እንዴ የሺ? ሽማግሌ ከወጣ ማን ይፈርዳል?»

«ፍርድ አልፈልግም። ልጄን የምጠይቃት ነገር አለኝ።»

ማሂን አየኋት። ያን ሁሉ ሰው አስወጥታ ልጆቹን ብቻቸውን ያነጋገረችው ዶክተር ጫማዋን ነበር የምታየው። እኛም ተነሣን፣ ወጣን፣ በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቆምን፣ ከዚያ ደክሞን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ታዴ ስለ መኪናው ተጨነቀ፣ ስለ እኛ ክብር ተጨነቀ። ቆየን፣ በጣም ቆየን።

በሩ ሲከፈት የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ምሳ ቀርቧል። የሺ የእጅ ውኃ ስታፈስልኝ ቀስ ብዬ «ምን ተባባላችሁ?» አልኳት።

«አልነግርዎትም» አለችኝ።

ማሂ ከጀርባዋ ሆና ሰማች፣ ሳቀች፣ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረና መሐረብ ፍለጋ ሄደች። የሺ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችና «ይልቅ መርቁልኝ» አለች። «ልጄ የጎረምሳ ሐኪም ልትሆን ነው። ለቄሱም እኔው እነግራቸዋለሁ።» መረቅናት። የታዴ ምርቃት ወጡን አቀዘቀዘው።

ይኸው ነው ተፈራ። ማሂን ያኔ ሆዷን ያመማት ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም፣ እናቷ ግን ታውቃለች። ስንት ጋብቻ፣ ስንት ጠብ ሽምግልና ተቀምጫለሁ፣ ስንቱን አፍርሰን ስንቱን አስማምተናል፣ እና ከሁሉ ያማረው እኔ የሌለሁበት ነው። ሌላ ጊዜም ልጅህ ከዚያ ክፍል ስትወጣ «ምን አልሽ?» ብለህ አትጠይቃት። እንጀራ ቁረስላት፣ ወሬው ሲመጣ ይመጣል።

«እሺ ጋሼ፣» አለ ተፈራ፣ ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «ግን በሩ ጋ ጠጋ ብዬ ብቆምስ?»

ያንን ታዴም ጠይቆኝ ነበር። ሞክረነዋል፣ አይሰማም።