የመስዑድ ክንዶች

በኮሮናው ዓመት የጭሮ ከተማን ዝምታ ወረሳት። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ጫት ተራው ላይ ይተኛል፤ መስዑድም እንደ ጉሙ ቤቱ ተኝቶ ይውላል። ከሁለት ዓመት በፊት ሚኤሶ አጠገብ ጫት ጭኖ ይሄድበት የነበረው አይሱዙ ተገልብጦ አከርካሪው ከተጎዳ ወዲህ፣ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አይታዘዘውም። በወረርሽኙ ጠያቂ ሲቀርበት ዊልቸሩንም ችላ አለው። ሚስቱ ረዲያ ታነሳዋለች፣ ታገላብጠዋለች።

አንድ ማለዳ ረዲያ ዊልቸሩ ላይ አድርጋ በረንዳ ላይ አስቀምጣው ገበያ እንደሄደች፣ የጎረቤቱ ልጅ ፌኔት በአጥሩ ጥግ ስታልፍ አየችው። የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ነው የመጣችው። ጭምብሏን አስተካክላ ከአጥሩ ማዶ ቆመች።

«ጋሼ መስዑድ፣ እንዴት አደሩ? ሰውነትዎን ያንቀሳቅሳሉ?»

«አቦ ተይኝ፣ ልጄ! በሽተኛ ማረፍ ነው ያለበት። ደግሞ ስተኛ እግር አለኝ። በህልሜ የቦኬን ገበያ ስዞር፣ የአቧራው ሙቀት እንኳ ይሰማኛል።»

ይህን ሲል ፊቱ በራ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ ህልም ያለው ሰው ቢተኛ አይፈረድበትም። ዕረፍት ሲበዛ ግን ያው እስራት ነው፤ «አይዞህ፣ አትንቀሳቀስ» ሲል የከረመው ጎረቤት ሁሉ በፍቅር ሲያደክመው ነው የከረመው።

«ህልምዎን ማን ይቀማዎታል?» አለች ፌኔት። «ሲነቁ ግን እግርዎ ክንድዎ ነው፤ ካላሠሩት ይከዳዎታል። በተኙበት ገላዎ ይቆስላል፣ ሳንባዎ ይደክማል። ይህ ኮሮና ደግሞ ደካማ ሳንባ ካገኘ አይምርም።»

«ረዲያ አለችልኝ።»

«ረዲያ ገበያ ነው የምትውለው። ነገ ቢያስላትና ለብቻዋ ትሁን ቢባል፣ ማን ያነሳዎታል? እሷስ እንዴት አድርጋ ታርፋለች?»

ረዲያ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠች ልታነሳው ስታጎነብስ ለመስዑድ ታየችው።

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«የዊልቸሩን ፍሬን ይያዙ። የእጅ መደገፊያዎቹን ተጭነው መቀመጫዎን ብድግ ያድርጉ። በየግማሽ ሰዓቱ ይህንኑ ይድገሙ። ሲጠነክሩ ከአልጋ ወደ ዊልቸር መሻገሩን እኔ ከዚህ ሆኜ እነግርዎታለሁ፤ ረዲያ አጠገብዎ ትቁም።»

የመጀመሪያው ቀን ክንዱ ተንቀጠቀጠ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እኔ በክንዴ ልሂዳ!» ብሎ ሳቀ። በሁለት ወሩ መቀመጫው ላይ መቅላት የጀመረው ገላ ዳነ፣ ትንፋሹ ረዘመ፣ እህል ጣመው። ከሁሉ በላይ ማንም ሳይደግፈው ከአልጋው ወደ ዊልቸሩ ተሻገረ።

ሐምሌ ላይ ረዲያን አሳላት፤ አተኮሳት። ኮሮና ይሁን ጉንፋን ሳይታወቅ ጓዳ ገብታ በሯን ዘጋች። በነጋታው የቀድሞ ልማዷ ይዟት ልታነሳው ግድግዳ ተደግፋ ብትወጣ፣ ደጃፏ ላይ ሻይ በፔርሙዝ ተቀምጧል። መስዑድ ጭምብሉን አጥልቆ፣ ዊልቸሩ ላይ ሆኖ ራቅ ብሎ ይጠብቃታል።

«ግቢና ተኚ» አላት። «ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ።»